ካርል በርገርን ማስተማሩ በላው?

በመድረካችን ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የውይይት መስመር፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከአሥር ቀን በፊት የለጠፍኩት ባጭሩ ይህ ነበር።

ለሥራ ጉዳይ ሃይደልበርግ ሰንብቼ አንድ ምሽት ኬቭ 54 የሚሉት ቤት ወረድኩ። ወረድኩ ያልኩት ለአባባል አይደለም፤ ምድር ቤቱ የሚገባው በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ተማሪዎች በ1954 የከፈቱት የጃዝ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ፒያኖው ላይ ይቀመጥ የነበረው የከተማዋ ልጅ ካርል በርገር ነው፤ በ1935 እዚያው የተወለደ፣ በአሥር ዓመቱ ክላሲካል ፒያኖ የጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር የአውሮፓ ጠቅላይ መምሪያውን ሃይደልበርግ አድርጎ ስለነበር፣ ጃዝ ለዚህ ልጅ በሸክላ ብቻ አልደረሰውም። ቀን የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ማታ መሣሪያውን ታቅፎ በዚያ ደረጃ ይወርድ ነበር። በርገር ዘመናዊውን ጃዝ በእጁ ያስገባው እነ ሊዮ ራይትን፣ ሌክስ ሃምፍሪስንና ዶን ኤሊስን እያጀበ ነው።

በ1965 ፓሪስ ላይ ከመለከተኛው ከዶን ቼሪ ጋር ገጠመ። በ1966 ኒው ዮርክ ገብቶ «ሲምፎኒ ፎር ኢምፕሮቫይዘርስ» በተባለው የቼሪ ሸክላ ላይ ቫይብራፎን ተጫወተ፤ አብረውት ያሉት ጋቶ ባርቢየሪ፣ ፋሮዋ ሳንደርስ፣ ኤድ ብላክዌል ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በራሱ ስም «ፍሮም ናው ኦን»ን ቀረጸ። ዕድሜው 31። እንዲህ የጀመረ ሰው ዛሬ ስሙ ከነሄርቢ ሃንኮክ ጎን መነሳት ነበረበት፤ አይነሳም። እንደኔ ከሆነ ምክንያቱ ከ1971 ጀምሮ ጉልበቱን ትምህርት ቤት ላይ ማፍሰሱ ነው። ማስተማሩ በላው ብዬ ዘጋሁና፣ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ አልኩ።

አረሙኝ። ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ የምትገቡት ሁሉን ከማንበብ እንድትገላገሉ የመጡትን መልሶች እንደ ቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ ያጣመምኩበት ካለ መጥቶ ይውቀሰኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው። ይህን እንድጨምር ያስገደደኝ 9ኛው ነው፤ 1966 ብዬ ብጽፍ እሱ 1974 አድርጎ ደምሮ ግራ ገብቶት አድሯል።

1ኛው መልስ ፍራንክፈርት ከሚኖር የቤዝ ተጫዋች ነው። እንደ ወጉ ሰላምታ አስቀደመ፣ ክሩ በመከፈቱ አመሰገነኝ፣ ከዚያ በጨዋነት አፈረሰኝ። ሰውየው ተበላ ከተባለ ሸክላዎቹን ማን ቀረጻቸው ነው ጥያቄው። በ1976 ከቤዝ ተጫዋቹ ከዴቭ ሆላንድ ጋር ሁለት ብቻቸውን የሠሩትን «ኦል ካይንድስ ኦፍ ታይም» ጠቀሰ። በ1986 ሆላንድንና ብላክዌልን ይዞ የቀረጸውን «ትራንዚት» ጨመረ። ከዚያ ዘሎ 2010 ገባ፤ በርገር 75 ዓመቱ ላይ ብቻውን ፒያኖ የተጫወተበት «ስትሬንጅሊ ፋሚሊያር»። ከ40 ዓመት በላይ ሲቀርጽ የኖረን ሰው የተበላ ማለት ይከብዳል ብሎ ጨረሰ። እውነቱን ለመናገር የመጨረሻውን አልሰማሁትም ነበር። ማታውኑ ሰማሁት። ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ኖታ ይመታና ድምፁ እስኪሞት ይጠብቀዋል።

2ኛው ፒያኒስት ማለቴን አልወደደውም። ዓለም በርገርን የሚያውቀው በቫይብራፎን ነው፤ ፒያኖው የወጣትነቱና የእርጅናው ነው ባይ ነው። 3ኛው ደግሞ ቫይብራፎን ምንድነው ብሎ ጠየቀና፣ አፍሮ ይመስለኛል፣ ጥያቄውን ሊሰርዘው ሞክሮ ነበር። እንኳን አልሰረዘው፤ 4ኛውን ያስገኘው እሱ ነው።

4ኛው ፒያኖ የምታስተምር ሴት ናት፤ መሣሪያውን እንደ ወጥ አሠራር አስረዳችው። እንደ ፒያኖ ቁልፍ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። ከየሰሌዳው ሥር ቱቦ ይንጠለጠላል፤ ቱቦው አፍ ላይ በሞተር የሚሽከረከር ክብ ቆርቆሮ አለ፣ ድምፁን የሚያርገበግበው እሱ ነው። እግር ሥር ፔዳል አለ፤ እንደ ፒያኖው ድምፁን ይለቅቃል፣ ይቆርጣል። የሚመታው ጫፉ ክር በተጠመጠመበት ዘንግ ሲሆን በእጅ አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት ይያዛል። ቁም ነገሯ ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ፒያኒስት አሥር ጣቱን ትቶ ወደዚህ መሣሪያ ሲሻገር በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ድምፅ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ነው። ያለ የሌለውን ኮርድ ከመደርደር ይገላገልና ዜማውን ብቻ ይከተላል። ስለዚህ በርገርን በፒያኖና በቫይብራፎን ከሁለት መክፈል ልክ አይደለም፤ በ75 ዓመቱ ፒያኖ ላይ አንድ ኖታ መትቶ የሚጠብቀው ሰው ቫይብራፎኑን ይዞት ነው የተመለሰው። ለኔ ከክሩ ሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ነው። ማንም አልመለሰላትም። የመድረካችን ነገር ታውቁታላችሁ።

ለምን ቢባል 5ኛው ሙላቱን አነሳ። ቫይብራፎን ከተባለ የኛው ሙላቱ አስታጥቄ እያለ ስለ ጀርመን ምን ያስወራናል ዓይነት ነው። 6ኛው ተቆጣ። ስለ ሌላ ሰው በተወራ ቁጥር ነገሩን ጎትቶ አገር ቤት ማስገባት ልማድ ሆኖብናል፤ ስለ ካርል በርገር በተከፈተ ክር ስለ ካርል በርገር እንስማ አለ። የመጀመሪያው ሹል ቃል ይህ ነው። 7ኛው ሊያስታርቅ ገባ፦ ሙላቱ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ያወጣው በ1966 እዚያው ኒው ዮርክ ነው፤ ሁለት ቫይብራፎን የሚጫወቱ የውጭ አገር ሰዎች በአንድ ዓመት በአንድ ከተማ ሸክላ መሥራታቸው ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ሌላ ነገር አላልኩም አለ። 8ኛው ግጥምጥሞሽ ታሪክ አይደለም ብሎ ከአንድ መስመር በላይ ሳይጽፍ ወጣ።

10ኛው እኔን ነው የወቀሰኝ። በርገር አፕሪል 9 ቀን 2023 ኒው ዮርክ ግዛት አልባኒ ውስጥ ሲያርፉ የ88 ዓመት አዛውንት፣ ያውም የስንቱ መምህር ነበሩ፤ እንዴት አንተ ብለህ ትጽፋለህ አለኝ። ወላጆቹ በደንብ አሳድገውታል። ጥላሁንን አንቱ የሚል ሰው አላየሁም፤ የምንወደውን አርቲስት አንተ ማለት አገራችን ያስተማረችን ነው ብዬ መለስኩለት። አላመነበትም። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ «እሳቸው» ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ስደርስ እሳቸው እላለሁ።

11ኛው ላይ ክሩ ዞረ። ጻፊው ስቱትጋርት ያለ ድራመር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሠርግ ላይ ይሠራል። በርገርን ያወቀው በሸክላ ሳይሆን በልምምድ ነው። በርገር ተማሪዎቹን ምት የሚያስቆጥርበት ዘዴ ነበረው፤ ጋማላ ታኪ ይባላል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የትኛውም ምት ቢበታተን መጨረሻው ሁለትና ሦስት ነው። ሁለቱን ታ-ኪ፣ ሦስቱን ጋ-ማ-ላ በላቸው። አምስት ከሆነ ጋማላ ታኪ፤ ሰባት ከሆነ ጋማላ ታኪ ታኪ፤ ስምንት ከሆነ ጋማላ ጋማላ ታኪ። ኖታ ማንበብ የማይችልም፣ ከኮንሰርቫቶሪ የተመረቀም አንድ ክበብ ሠርተው በአፍና በጭብጨባ ይጀምራሉ። መሣሪያ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ድራመራችን ሰባት የሚቆጠር ነገር ሲመጣበት ድሮ በጣቱ ይቆጥር እንደነበር፣ ዛሬ በሆዱ እንደሚያወራው ነገረን። አንድ፣ ሁለት እያሉ መቁጠር ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ጋማላ ታኪ አፍ ውስጥ ነው አለ። ከዚያ ወደኔ መክፈቻ ተመለሰና፣ ይህ ዘዴ ራሱ የዜማ ድርሰት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የበርገር ትልቁ ድርሰቱ ይህ ቢሆንስ?

ለዚህ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ዘዴ ዘዴ ነው፤ «ትራንዚት»ን በጋማላ ታኪ ብቻ መሥራት አይቻልም።

12ኛው በደስታ የጻፈ ነው። በላቲን ፊደል ጋማላ ታኪን ለመጻፍ አሥር ፊደል ይፈጃል፤ በኛ አምስት ሆሄ ለአምስት ምት። የግዕዝ ፊደል ራሱ የምት መማሪያ ነው፤ ፈረንጁ ሲደክምበት የኖረውን እኛ ሀሁ ስንቆጥር ጨርሰነዋል አለ። 13ኛው የቋንቋ መምህር ናቸው፤ ደስታውን ቀዘቀዙበት። ሳድስ ሆሄ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ ሜክሲኮ ሲጻፍ አራት ሆሄ ነው፣ ሲነገር ሦስት ምት። ስለዚህ ሆሄ መቁጠርና ምት መቁጠር አንድ አይደለም ብለው ደመደሙ። ይህችን ሜክሲኮ ያዙልኝ።

14ኛው ያው ድራመር ነው፤ ተመልሶ ስለ ችክችካ ጻፈ። ስድስቱ ሁለት ጊዜ ጋማላ ነው ወይስ ሦስት ጊዜ ታኪ? ሠርግ ላይ አዛውንቶቹ በጋማላው ይጨፍራሉ፣ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች በታኪው ይዘላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እሱ መሀል ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ማስደሰት አለበት። 15ኛው አልተስማማም። እስክስታ ቆጥሮ የሚወርድ የለም፤ ትከሻ የሚያውቀውን ከሁለትና ከሦስት ደምሮ ማስረዳት ሽሮን በኬሚስትሪ ማስረዳት ነው አለ። ድራመሩ ሽሮም ቢሆን ይለካል ብሎ መለሰ። ይህ 16ኛው ነው፤ ስለ ሽሮ የተጻፉትን ሌሎች ሁለት መልሶች አስተባባሪው ስላነሣቸው በቁጥር አልያዝኳቸውም።

17ኛው ክሩን ወደ ትምህርት ቤቱ መለሰው። ረጅም ነው፤ ዋሽንግተን ያለ፣ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ነው የጻፈው። በርገር ኒው ዮርክ በገባ በዓመቱ ከድራመሩ ከሆራሲ አርኖልድ ቡድን ጋር በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ እየዞረ ለልጆች መጫወትና ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1971 ቆየበት። በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ከኢንግሪድ ሰርትሶና ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከኦርኔት ኮልማን ጋር ሆኖ የክሪኤቲቭ ሚውዚክ ስቱዲዮን ድርጅት አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ወዳለችው ወደ ዉድስቶክ አካባቢ ሄደ። ኋላ ላይ ዌስት ሃርሊ ውስጥ የቀድሞ የተራራ እንግዳ ማረፊያ ያዙ። መምህርና ተማሪ እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይለማመዳል። ዲግሪ የለም፣ ፈተና የለም። ማን አስተማረ ቢባል አንቶኒ ብራክስተን፣ ጃክ ዲጆኔት፣ ዴቭ ሆላንድ፣ ዶን ቼሪ፣ ናና ቫስኮንሴሎስ፣ ከጃዝ ውጭ ደግሞ ጆን ኬጅ። ማን ተማረ ቢባል ፒያኒስቷ ማሪሊን ክሪስፔል፤ ከዚያ ወጥታ በብራክስተን ኳርቴት ዓመታት ተጫውታለች። በ1980 ከብራዚል የመጣው የከበሮ ሰው ሲሮ ባፕቲስታም በዚያው ነው ያለፈው። ጸሐፊው ለኔ ያለው አጭር ነው፦ አንተ የበርገርን ሥራ በስሙ በወጡ ሸክላዎች ትቆጥራለህ፤ እኔ በሌሎች ሸክላ ላይ እሰማዋለሁ።

18ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ በመራራ ቃል መለሰ። አሁን የምጠቅሰው ሰው ራሱ የሙዚቃ መምህር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተምሯል፤ ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ እኔም አልጠይቀውም። ያለ ፈተና ላስተምር ብሎ ሞክሮ ነበር። ወላጅ መጥቶ ልጄ ከስንት ስንት አገኘ ይላል፣ ርእሰ መምህሩ ደግሞ የውጤት ዝርዝር ይላል። በመጨረሻ ክራር ለሚከረክር ልጅ ከመቶ 64 መስጠት ነበረበት፤ ያቺ 64 ዛሬም ታሳፍረዋለች። ታዲያ በተራራ ላይ ያለ ፈተና አስተማሩ እያላችሁ የምታደንቁት ለነጭና ለሀብታም ልጅ የሚሆን ነገር ነው አለ።

እዚህ ላይ ክሩ ጋለ። 19ኛው ሀብታም ከየት መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ በገንዘብ እጦት አይደለም ወይ በ1984 የተዘጋው አለው። በፌዴራልና በግዛት የሥነ ጥበብ ድጎማ ይኖር የነበረ ቤት ነው፤ ሬገን ሥልጣን ይዞ ድጎማው ሲቀነስ እስትንፋሱ አጠረ። 20ኛው በሬገን አታላክኩ፤ በሰው ገንዘብ ብቻ የሚቆም ቤት ዛሬ ባይወድቅ ነገ ይወድቃል፣ በርገር ትልቅ ሙዚቀኛና ደካማ ነጋዴ ነበር ብሎ ደረቅ አድርጎ ጻፈ። 18ኛው ተመልሶ 21ኛውን ጻፈ፤ እሱ ያለው ስለ ድጎማ ሳይሆን ስለ ወላጅ መሆኑን፣ ማንም እንዳላነበበው ተናገረ። ልክ ነው። አላነበብነውም። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ነው ያቺን 64 ያስተዋልኳት።

22ኛዋ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። 21 መልስ ቆጥራለች፤ ኢንግሪድ ሰርትሶ የተጠቀሰችው አንድ ጊዜ፣ ያውም «ባለቤቱ» ተብላ ነው። ሴትዮዋ ዘፋኝ ናት። በ1971 የተቀረጸው «ዊ አር ዩ» ላይ ከፔተር ኮቫልድ ቤዝና ከአለን ብሌርማን ድራም ጋር የምትሰማው ድምፅ የሷ ነው፤ አጃቢ ሳትሆን እንደ አንድ መሣሪያ ትገባለች። ትምህርት ቤቱን እኩል መሥርታለች፣ ድምፅ አስተምራለች፣ ዘመኗን ሁሉ አብራው ይዛዋለች። በጥያቄህ ላይ ያለው እጅግ የተጋነነ ሐዘኔታ አስቆኛል አለችኝ፦ ማስተማር በላው ብለህ ስታለቅስለት፣ እሷን ምን በላት ብለህ አልጠየቅህም። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ 23ኛው መልስ የኔው ነው። የመክፈቻውን ጽሑፍ ግን አላስተካከልኩትም፤ ካስተካከልኩት የሷ መልስ ትርጉም ያጣል።

24ኛው የዋሽንግተኑ ሰብሳቢ ነው፤ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል ስለ ሬዲዮ ጻፈ። በርገር ስለ ቼሪ ሲያወራ ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር ነው። ቼሪ ትንሽ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዞ ይዞር ነበር፤ ከየአገሩ ጣቢያ የሰማውን ዜማ በጆሮው ይይዝና ልምምድ ላይ ይዞት ይመጣል። የሚታደል ኖታ የለም። ቼሪ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ከዜማ ወደ ዜማ ሲሻገርም ምልክት አይሰጥም፣ መለከቱ ነው ምልክቱ። በርገር በፍልስፍናና በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬቱን በ1963 ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ዲግሪው ግን እዚያ ልምምድ ላይ አላዳነውም፤ ጆሮውን ነበር የተጠየቀው። ኋላ ላይ በራሱ ትምህርት ቤት ዲግሪ የሌለበትን ምክንያት እዚህ ፈልጉት አለ ጸሐፊው።

ሬዲዮ ሲነሣ ማን ሊመልሰን። 25ኛው አባቱ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ሥርጭት በአጭር ሞገድ ሲፈልጉ፣ ጣቢያውን እስኪያገኙት ድረስ ያለው ፉጨትና ጭርጭርታ ለሱ የመጀመሪያው ጃዝ እንደነበር ጻፈ። ያ ሥርጭት የተጀመረው በ1965 ነው፤ ቼሪና በርገር ፓሪስ ላይ በተገናኙበት ዓመት። 26ኛው ከዚያ አልፎ ቼሪ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ይተላለፍ የነበረውን ብሥራተ ወንጌልን ሰምቶ ይሆናል አለ። 8ኛው፣ ያ የግጥምጥሞሽ ጠላት፣ ከሄደበት ተመልሶ «ይሆናል» የምትለውን ቃል ብቻ ገልብጦ በሦስት ጥያቄ ምልክት ለጠፋት። 27ኛው ይኸው ነው። ሳቅኩ። 26ኛው ግን አልሳቀም፤ ከመድረኩ ወጥቷል፤ ካነበብከኝ ተመለስ።

28ኛው ስለዚያው የ1963 ዶክትሬት ነው። የበርገር ጥናት በሶቪየት ርዕዮተ ዓለም ሙዚቃ ምን አገልግሎት እንዲሰጥ እንደሚፈለግ የሚመረምር ነበር፤ የቀረበውም በርሊን ነው። ጸሐፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ መቺ ነበሩ። ሙዚቃ ምን ያገለግላል የሚለውን ጥያቄ ጀርመናዊው በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሲመረምር፣ እሳቸው መልሱን በሰልፍ ላይ ሲመቱት ኖረዋል። ዘፈኑን አይወዱትም ነበር። ከበሮውን ግን ዛሬም ይናፍቁታል፤ የዚያን ጊዜ ልጆች አንድ ላይ ሲመቱ አንድ ሰው ይመስሉ ነበር አሉ። ከዚህ በላይ አልጻፉም፤ ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም።

29ኛዋ ወጣት ናት፤ የምትጠይቀው ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ስለ ጄፍ በክሊ ነው። በ1994 የወጣው «ግሬስ» የተባለው አልበሙ ላይ የቫዮሊንና የመሰሎቹን ባለ ክር መሣሪያዎች ቅንብር የሠራው ካርል በርገር ይኸው ሰው ነው ወይ? 1ኛው መለሰላት፤ 30ኛው ነው። አዎ፣ ራሱ ነው፤ አልበሙም የተቀረጸው እዚያው ዉድስቶክ አጠገብ ቤርስቪል ስቱዲዮ ነው። እንግዲህ ስሙ አይነሣም ብዬ ያማረርኩለት ሰው፣ ስሙን ሳታውቅ ሥራውን ከ16 ዓመቷ ጀምሮ እየሰማች ያደገች ልጅ እዚሁ ክር ውስጥ ነበረች። የፍራንክፈርቱ ሰው በዚያው በርገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክፈርት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር እንደነበረ፣ ከ2003 በኋላም ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትማውዝ የሙዚቃ ክፍሉን እንደመራ ጨመረ። ፈተና የማይወደው ሰው መጨረሻው ፈተና የሚሰጥበት ቤት ሆነ። 18ኛው ለዚህች አንድ ሳቅ ለጥፏል፤ ክፋት የለበትም ብዬ ወስጄዋለሁ።

31ኛው የተዘጋው ትምህርት ቤት ድምፁ አለመጥፋቱን ነገረን፦ ከ400 በላይ ቅጂዎች በቴፕ ተቀምጠው ነበር፣ በርገርና ኢንግሪድ ዓመታት ፈጅተው አስጠግነዋቸዋል፣ በ2012 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መዝገቡን ወስዷል። 32ኛው የት ይገኛል አለ፤ 33ኛው ፈልግ አለው። እንዲህ ነን።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ ድራመሩ አዲስ አበባ ለዕረፍት ገብቶ ከሚኒባስ ውስጥ ጻፈ፤ 34ኛው ነው። ሰባት የሚቆጠር ምት ለዘመዱ ልጅ ሊያስተምር ፈልጎ ጋማላ ታኪ ሲል ልጁ ሳቀበት። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ ግን መጣለት፦ ፒያሳ ሦስት፣ ቦሌ ሁለት። ፒያሳ ቦሌ ቦሌ፣ ሰባት። ልጁ እስኪወርዱ ድረስ አላቆመም። ከዚያ ፒያሳ ቦሌ ፒያሳ ቦሌ ቦሌ ብሎ ጻፈና ስንት ነው ብሎ ጠየቀን።

የቋንቋ መምህሩ 12 ብለው መለሱ። 36ኛው ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው ጋማላ ነው ወይስ ምን ሊባል ነው ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።